የቀድሞ የኮምፒውተር ጌሞች የሠሪዎቻቸውን ሕይወት እንዴት ቀየሩት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጌም ስንጫወት ሠሪው ትዝ አይለንም። ልጅ ሆኜ ያቺን ብሎክ የሚደረደርባትን የእጅ ጌም ባትሪዋ እስኪደክም ስጫወት፣ "ይህን ያሰበው ማነው?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ኋላ ላይ ማንበብ ስጀምር ግን ከጌሞቹ ይልቅ ሰዎቹ ልቤን ያዙት። አንዱ በጌም ምክንያት ሀገር ቀየረ። አንዱ ጠፈር ወጣ። አንዱ ደግሞ ሥራው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተቀበረ፤ ከ30 ዓመት በኋላ ተቆፍሮ ሲወጣ እዚያው ቆሞ አየ።

ይህን ወሬ ባነሳሁ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጌም ከሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ማን ምን አገኘ?

"የመጀመሪያው ማነው?" የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔ በሁለት ሰዎች ልጀምር።

ዊልያም ሂጊንቦታም የፊዚክስ ሰው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሎስ አላሞስ፣ የአቶሚክ ቦምቡ በተሠራበት ቤተ ሙከራ፣ በኤሌክትሮኒክስ ክፍል ሠርቷል። ከጦርነቱ በኋላ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ገባ። በ1958 ቤተ ሙከራው ለጎብኚዎች ሲከፈት፣ ሰው እንዳይሰለቸው ብሎ የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚያሳይ መሣሪያ (ኦሲሎስኮፕ) ትንሽ ስክሪን ላይ የሁለት ሰው ቴኒስ ሠራ። ሕዝቡ ለመጫወት ተሰለፈ። እሱ ግን የፈጠራ መብት እንኳ አላወጣበትም። ቦምቡ ሲሠራ በዓይኑ ያየ ሰው ነውና፣ ከዚያ በኋላ የለፋው የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ ነው። መታወስ የፈለገውም በዚሁ ነበር። ሰው የሚያነሳው ግን ቴኒሱን ነው።

ሁለተኛው ስቲቭ ራስል ነው። በ1962 ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ከጓደኞቹ ጋር "ስፔስዎር"ን ሠራ። ሁለት መንኮራኩሮች አንድ ኮከብ እየዞሩ ይታኮሳሉ። ራስል ሥራ በማጓተት የታወቀ ነበር። "የሳይንና የኮሳይን ማስያ ኮድ የለኝም" እያለ ሲያዘገይ፣ ጓደኛው አለን ኮቶክ ኮምፒውተሩን ወደሠራው ኩባንያ ሄዶ ኮዱን አምጥቶ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ሰበብ አልነበረም። ጌሙ አለቀና ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ተዛመተ። ራስል አንድ ሳንቲም አላገኘበትም። ከዓመታት በኋላ ሲያትል ውስጥ በአንድ የኮምፒውተር ድርጅት ሲሠራ፣ እዚያ እየመጡ ኮምፒውተሩን የሚፈትሹ የሃይስኩል ልጆች ነበሩ። ሁለቱ ቢል ጌትስና ፖል አለን ናቸው።

ያኔ አንድ ጌም ስንት ሰው ይሠራው ነበር?

አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው። ሐሳቡም፣ ሥዕሉም፣ ድምፁም፣ ኮዱም ከአንድ ሰው እጅ ይወጣ ነበር። ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በ1978 "ስፔስ ኢንቬደርስ"ን ሲሠራ፣ ኮዱ ብቻ ሳይሆን የሚሠራበት ሰርኪዩትም የራሱ ነበር። ጠላቶቹ ስክሪኑ ላይ ሲበዙ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፤ ሲሞቱ ደግሞ ይፈጥናል። ኒሺካዶ ይህን አይቶ "ይሁን፣ እንዲያውም ልብ ይሰቅላል" ብሎ ተወው። በዚያ ጌም ላብ ያጠመቀን ፍጥነት ከማሽን ድክመት የመጣ ነው።

ድክመት ስል በአኃዝ ላሳይ። አታሪ 2600 የተባለው የቤት ውስጥ ማጫወቻ የሥራ ሜሞሪው 128 ባይት ነበር። ዛሬ ስልካችን ላይ አንድ የአማርኛ ፊደል ብዙውን ጊዜ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 128 ባይት 42 ፊደል ብቻ ይይዛል ማለት ነው። "እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ሰላም ነው" ብለን ሁለቴ ጽፈን ሳንጨርስ ይሞላል። የዚያን ጊዜ ሠሪዎች ግን በዚያች ማሽን ላይ ቤተ መንግሥት፣ ዘንዶና ጫካ አስቀመጡ። እንዲህ ባለ ጥበት ውስጥ ብቻውን ወራት የከረመ ሰው ሥራው ከራሱ ጋር ቢጣበቅ አይገርምም።

ከሁሉም የሚነካህ የማን ታሪክ ነው?

የዊል ክራውዘር። ያለማመንታት።

ክራውዘር ቦስተን አጠገብ ባለ አንድ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር ነበር። የዛሬው ኢንተርኔት አያት የሆነውን አርፓኔትን ካቆሙት ሰዎች አንዱ ነው። ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፈው ግን ዋሻ ውስጥ ነው። ከሚስቱ ከፓት ጋር ሆነው ኬንታኪ ግዛት ያሉትን ትልልቅ ዋሻዎች ይመረምሩ ነበር። እሷ ቀጭን ናት፣ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። እሱ የተለካውን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ ካርታ ያወጣል። በ1972 ፓት የነበረችበት ቡድን የፍሊንት ሪጅና የማሞዝ ዋሻዎች ከውስጥ እንደሚገናኙ አረጋገጠ። በዓለም ላይ የታወቀው ረጅሙ ዋሻ መሆኑ ያኔ ታወቀ።

ከዚያ ትዳሩ ፈረሰ። ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ አሁን የሚያገኛቸው እየተመላለሱ ነው። ዋሻው ከትዳሩ ጋር የተያያዘ ስለነበር ወደዚያ መሄዱም ቀረ። በ1975 እና 1976 መካከል፣ ልጆቹ ሲመጡ የሚጫወቱት ነገር ልሥራ ብሎ ተቀመጠ። የሠራው ጌም ሥዕል የለውም፤ ሁሉም ጽሑፍ ነው። ኮምፒውተሩ "አንዲት ትንሽ የጡብ ቤት ፊት ቆመሃል" የሚል ዓይነት ነገር ይነግርሃል፤ አንተ "ግባ"፣ "ወደ ሰሜን"፣ "መብራቱን አንሳ" ብለህ ትጽፋለህ። እየሄድክ ዋሻ ውስጥ ትገባለህ። ዋሻው ደግሞ የፈጠራ አይደለም። እሱና ፓት የተሳቡበት የኬንታኪው ዋሻ ነው፤ ጉድጓዱ፣ መተላለፊያው፣ ስሙ ሳይቀር። የተጨመረው እንደ ድንኮቹና ሀብቱ ያለው ነው።

እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነው። አባት ልጆቹን እጃቸውን ይዞ ወደ ዋሻው መውሰድ አልሆነለትም። ስለዚህ ዋሻውን አምጥቶ ሰጣቸው።

ጌሙ "አድቬንቸር" ተባለ። ክራውዘር ራሱ በገነባው ኔትወርክ ላይ ተዛመተ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዶን ዉድስ አገኘውና ልጨምርበት ብሎ አሰበ። የክራውዘርን አድራሻ ግን አያውቅም። ምን አደረገ? ያኔ ኔትወርኩ ላይ ለነበሩት ኮምፒውተሮች ሁሉ "ክራውዘር" በሚል ስም ደብዳቤ ላከ። አንዱ ደረሰ። ክራውዘርም ፈቀደለትና የዉድስ ስሪት በ1977 ወጣ። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን ጥለው ዋሻ ውስጥ ገቡ። ክራውዘር ሌላ ታዋቂ ጌም አልሠራም፤ ሀብትም አላገኘበትም።

ያ ጌም የሌላ ሰው ሕይወት ቀየረ?

የስንቱን! ሁለቱን ልንገርህ።

ሮቤርታ ዊልያምስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤት የምትውል፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች የምታሳድግ እናት ነበረች። ባሏ ኬን ፕሮግራመር ነው። አንድ ቀን ለሥራው ቤት ባመጣው፣ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በሚያገናኝ ተርሚናል ላይ "አድቬንቸር"ን አሳያት። ሮቤርታ አልተነሳችም። እስክትጨርሰው ድረስ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ጨርሳ ሌላ ስትፈልግ የሚያጠግባት ጠፋ። "ከጠፋማ እኔ እሠራዋለሁ" ብላ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ ንድፉን ጀመረች። ኬን መጀመሪያ አልጣመውም ነበር፤ ራት ጋብዛ አሳመነችው። እሷ ታሪኩንና ሥዕሉን፣ እሱ ኮዱን ሠሩ። "ሚስትሪ ሃውስ" በ1980 ወጣ። በጽሑፍ ጌም ላይ ሥዕል የገባው ያኔ ነው። ዲስኩን በላስቲክ ከረጢት እያሸጉ በ24.95 ዶላር ሸጡ። ሲዬራ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ የተወለደው ከዚያ ጠረጴዛ ነው። በ1996 ኩባንያውን ሸጡ፤ ኋላም ወጥተው በጀልባ ውቅያኖስ ሲያቋርጡ ዓመታት ኖሩ። እርጅና ላይ ደግሞ እንደገና ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። በ2023 ያወጡት ምን ይመስልሃል? የክራውዘርና የዉድስን ዋሻ፣ በዘመናዊ ሥዕል። ሮቤርታ ከ40 ዓመት በላይ ቆይታ ወደ ገባችበት በር ተመለሰች።

ሁለተኛው ዋረን ሮቢኔት ነው። የእሱ ራሱን የቻለ ጥያቄ አለው።

የፕሮግራመሮቹ ስም ለምን ጌሙ ላይ አልነበረም?

የማጫወቻው ባለቤት ኩባንያ አታሪ አይፈቅድም ነበር። ስማቸው ከታወቀ ሌላ ኩባንያ ይነጥቀናል ወይም ደመወዝ ጨምሩ ይሉናል የሚል ፍራቻ ነው። ሳጥኑ ላይ የኩባንያው ስም ብቻ ነው የሚጻፈው።

ሮቢኔት ወጣት ነበር። የክራውዘርን ጌም ስታንፎርድ ተጫውቶ ተለክፏል። ይህን በሥዕል አድርጌ ለአታሪ 2600 እሠራዋለሁ ሲል አለቃው "አይሆንም፣ ተወው" አለው። እውነቱን ነው፤ የጽሑፉ ጌም የሚፈልገው በመቶ ኪሎባይት የሚቆጠር ሜሞሪ ነው። ጌሙ ያለባት ካርትሪጅ፣ ማለትም ብዙዎቻችን "ካሴት" የምንላት፣ የምትይዘው 4 ኪሎባይት ነው። ሮቢኔት ግን በድብቅ ቀጠለበት። ሲያየው አለቃው ዝም አለ፤ ሻጮቹ ወደዱት።

ጌሙ፣ ስሙም እንደ ክራውዘሩ "አድቬንቸር" የሆነው፣ አንድ ሚሊዮን ገደማ ቅጂ ተሸጠ፤ ዋጋው 25 ዶላር አካባቢ ነበር። የሮቢኔት ደመወዝ በዓመት 22 ሺህ ዶላር ገደማ። ድርሻ የለም፣ ስም የለም። እሱ ግን ገና ሥራው ላይ እያለ ቂሙን በኮድ ጽፎ ነበር። ጌሙ ውስጥ ማንም የማያየው አንድ ክፍል ሠርቶ፣ መሃሉ ላይ ከላይ ወደ ታች "ዋረን ሮቢኔት ፈጠረው" ብሎ ጻፈ። ቁልፉ አንድ ግራጫ ነጥብ ናት፤ ከወለሉ ቀለም ጋር ስለምትመሳሰል አትታይም። ለጓደኞቹ እንኳ ትንፍሽ አላለም። በ1979 ሥራውን ለቀቀ። ጌሙ ከወጣ በኋላ ከዩታ ግዛት አንድ የ15 ዓመት ልጅ ክፍሉን አግኝቶ ለአታሪ ደብዳቤ ጻፈ። ቺፑን አስተካክሎ እንደገና ማምረት ብዙ ገንዘብ ሊጠይቅ ሆነ። አንዱ ኃላፊ "ተዉት፤ እንዲያውም በየጌሙ እንጨምርበት፣ ፈረንጅ ለፋሲካ ለልጆች እንደሚደብቀው እንቁላል" አለ። እስከ ዛሬ ጌም ውስጥ የሚደበቅ ነገር "የፋሲካ እንቁላል" የሚባለው ከዚያ ነው።

አባቶቻችን "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" ይላሉ። ሮቢኔት ስሙን ራሱ ቀብሮ፣ አንድ ልጅ እስኪያወጣለት ጠበቀ። እሱ ራሱ ከዚያ ወዲያ ለልጆች የትምህርት ጌም የሚሠራ ኩባንያ ከሌሎች ጋር መሠረተ፤ ኋላም ናሳ ገብቶ በቨርቹዋል ሪያሊቲ ምርምር ላይ ሠራ።

ሌሎቹስ ዝም አሉ?

አላሉም። አታሪ በ1979 የትኛው ጌም ምን ያህል እንደሸጠ የሚያሳይ ወረቀት ለሠራተኞቹ በተነ። ዓላማው "እንዲህ ዓይነቱን ሥሩ" ለማለት ነው። ዴቪድ ክሬንና ሦስት ባልደረቦቹ ግን ወረቀቱን ይዘው መደመር ጀመሩ። ከሽያጩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የእነሱ የአራቱ ጌም ሆኖ አገኙት። አለቆች ዘንድ ሄደው ቢናገሩ የሚሰማ ጠፋ። ስለዚህ ወጡና አክቲቪዥንን መሠረቱ። ኩባንያው የሠሪውን ስም ሳጥኑ ላይ ያደርጋል፤ በመመሪያው ወረቀት ላይ ፎቶውን አውጥቶ ለተጫዋቹ ምክር ያስጽፈዋል። አታሪ ከሰሳቸው፤ በ1982 ተስማሙ። በዚያው ዓመት ክሬን "ፒትፎል"ን አወጣ። ጫካ ውስጥ በገመድ እየተንጠለጠለ አዞ የሚዘለው ሰውዬ። 255 ሥፍራዎቹን ያስቀመጠው አንድ በአንድ ስሎ አይደለም፤ 50 ባይት ገደማ በሆነች ቀመር እየፈለፈለ ነው።

"ኢ.ቲ."ን የሠራው ሰው ምን ሆነ?

ሃዋርድ ስኮት ዎርሾው አታሪ ውስጥ ከምርጦቹ አንዱ ነበር። "ያርስ ሪቬንጅ" የሚባለው ጌሙ እጅግ ተወዷል። በ1982 ሐምሌ መጨረሻ ስልክ ተደወለለት። የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም "ኢ.ቲ." ወደ ጌም ሊቀየር ነው፤ ለገና ገበያ እንዲደርስ መስከረም 1 ማለቅ አለበት። ሌላ ጌም ከስድስት ወር በላይ ይወስዳል። ለዚህ የተሰጠው አምስት ሳምንት ነው። እሺ አለ። በሁለት ቀን ንድፉን ይዞ በአውሮፕላን ስፒልበርግ ዘንድ ሄደ። መሥሪያ ማሽኑን ቤቱ አስተከለ፤ ቢሮም ቤትም አንድ ሆነ። እየበላ ኮድ፣ ተነስቶ ኮድ።

በቀኑ አስረከበ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በአምስት ሳምንት ውስጥ የሚሠራ ሙሉ ጌም አስረክቧል። ግን ተጫዋቹ ሳያስበው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል፤ ወጥቶ ደግሞ ይወድቃል። ልጆች ግራ ገባቸው። አታሪ 4 ሚሊዮን ያህል አምርቶ ነበር፤ አብዛኛው ተመለሰ። በዓመቱ የአሜሪካ የጌም ገበያ ወደቀ። አታሪ በ1983 ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ያልተሸጡ ካርትሪጆችን በጭነት መኪና ወስዶ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አላሞጎርዶ የምትባል ከተማ ቆሻሻ መጣያ ቀበረ። ወሬው ቀስ በቀስ ተረት መሰለ። "በዓለም ላይ መጥፎው ጌም" የሚለው ስም ዎርሾው ላይ ተለጠፈ። አንድ ሰው ብቻውን ኢንዱስትሪ አፈረሰ እስከ መባል ደረሰ። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። አምስት ሳምንት የሰጠው እሱ አይደለም፤ 4 ሚሊዮን ይመረት ያለውም እሱ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ አልሆን አለው። ቤት ማሻሻጥ ሞከረ፣ ቪዲዮ ሠራ። በመጨረሻ ተመልሶ ተማረና የሥነ ልቦና ሐኪም ሆነ። የሚያክመው የት መሰላችሁ? ሲሊከን ቫሊ፤ እንደ እሱ በሥራ ጫና የሚነድዱ የቴክኖሎጂ ሠራተኞችን። "ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ሲሸከም ያድራል" የሚባለውን ኑሮ እሱ በተግባር ኖሮታል፤ ታካሚው ሲናገር ከግማሽ ይገባዋል።

ሚያዝያ 26 ቀን 2014 መጣያው ተቆፈረ። ነፋስና አቧራ ነው። ሕዝብ ተሰብስቧል። ዎርሾው እዚያ ነበር። የተጨፈለቀ የ"ኢ.ቲ." ሳጥን ከአፈሩ ሲወጣ ሕዝቡ ጮኸ። እሱ ዓይኑ እንባ ሞላ። ያ ሁሉ ሰው፣ ከ30 ዓመት በኋላ፣ ለእሱ የአምስት ሳምንት ሥራ በአቧራ ውስጥ ቆሟል። ከተማዋ ከወጡት ካርትሪጆች የተወሰኑትን በጨረታ ሸጣ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ አገኘች።

ቴትሪስን የሠራው ሀብታም ሆነ?

ሆነ፤ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ጠብቆ።

አሌክሴይ ፓጂትኖቭ ሞስኮ ውስጥ የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ ተመራማሪ ነበር። ብሎክ የሚደረደርበትን ቴትሪስን በ1984 ኤሌክትሮኒካ 60 በሚባል ሥዕል በማያወጣ ኮምፒውተር ላይ ሠራው። ስለዚህ ብሎኮቹን የሣላቸው በቅንፍ ምልክቶች ነው። ባልደረቦቹ ሥራ ፈቱ። ቫዲም ገራሲሞቭ የተባለ የ16 ዓመት ልጅ ለአይቢኤም ኮምፒውተር አዘጋጀው፤ በዲስክ እየተቀዳ ከሞስኮ ወጣ። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ግን "ጌሙ የኔ ነው" ብሎ መሸጥ አይቻልም። መብቱን ለአሥር ዓመት ለመንግሥት ሰጠ።

በ1989 ሄንክ ሮጀርስ የሚባል የጌም ነጋዴ በቱሪስት ቪዛ ሞስኮ ገብቶ፣ ሳይጠራ የመንግሥቱን መሥሪያ ቤት በር አንኳኳ። ስብሰባው ላይ ፓጂትኖቭ ነበር። ሮጀርስም ጌም የሚሠራ ሰው ስለሆነ ወዲያው ተግባቡ፤ ወዳጅ ሆኑ። ቴትሪስ ከኒንቴንዶ ጌም ቦይ ጋር አብሮ ወጥቶ 35 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። ፓጂትኖቭ ከዚያ አንድ ሩብል አልደረሰውም። በ1991 አሜሪካ ገባ። በ1996 መብቱ ሲመለስለት ከሮጀርስ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፤ ድርሻ ማግኘት የጀመረው ያኔ ነው። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ተቀጥሮም ለዓመታት ጌም ሠርቷል። እኔ በዚህ ታሪክ የምወደው ወዳጅነቱን ነው። ሮጀርስ መብቱን ይዞ መሄድ ይችል ነበር፤ አላደረገውም።

ሴቶች ነበሩ?

ነበሩ፤ ጥቂት ነበሩ። ሮቤርታን አይተናል። ካሮል ሾው መጀመሪያ አታሪ፣ ኋላ አክቲቪዥን ሠርታለች። በ1982 ያወጣችው "ሪቨር ሬድ" በወንዝ ላይ አውሮፕላን የሚበርበት ነው። ወንዙ ሜሞሪ ላይ የለም፤ ቀመሯ እየፈለፈለች ታወጣዋለች፤ ሁልጊዜም ያው ወንዝ ነው። ጌሙ ባስገኘላት ገንዘብ በ1990 ገና በወጣትነቷ ጡረታ ወጣች።

ዶና ቤይሊ አታሪ የገባችው የመኪና ኩባንያ ትታ ነው። በመጫወቻ ቤቶች ሳንቲም እየተከፈለባቸው የሚጫወቱባቸው ትልልቅ ማሽኖች በሚሠሩበት ክፍል ብቸኛዋ ሴት ፕሮግራመር ነበረች። በ1981 ከኤድ ሎግ ጋር "ሴንቲፒድ"ን ሠራች። ቀለሞቹ ከሌሎቹ ጌሞች የተለዩ ለስላሳ ናቸው፤ ያ የእሷ ምርጫ ነው። ጌሙ በወንዱም በሴቱም ተወደደ። እሷ ግን በዓመቱ ለቀቀች፤ ቆይታም ከኢንዱስትሪው ጨርሳ ወጣች። ለብዙ ዓመታት ድምፅዋ ጠፍቶ ኖረ። ኋላ ላይ አርካንሶ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆናለች። ያ ክፍል ትንሽ ቢመቻት ኖሮ ስንት ጌም ይኖረን ነበር እያልኩ እቆጫለሁ።

በልጅነታቸው ዝነኛ የሆኑትስ?

ሁለት ተቃራኒ ዕጣ። እንግሊዛዊው ማቲው ስሚዝ በ1983 "ማኒክ ማይነር"ን ሲያወጣ 17 ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ደገመ። ከዚያ ሦስተኛው አልመጣም። ልጁ ከሰው ዓይን ጠፋ፤ አድናቂዎቹ ዓመታት ፈለጉት። ኔዘርላንድስ ኖሮ ነው የተመለሰው።

አሜሪካዊው ሪቻርድ ጋሪዮት ደግሞ የጠፈርተኛ ልጅ ነው። በዓይኑ ምክንያት ናሳ እንደማይቀበለው በልጅነቱ ተነግሮታል። ተማሪ እያለ የሠራውን "አካላቤት" በሚሠራበት ሱቅ በላስቲክ አሽጎ ሸጠ። አንድ አሳታሚ ወስዶት ልጁ 150 ሺህ ዶላር ገደማ አገኘበት። ከዚያ "ኡልቲማ" መጣ። በ2008 ከጌም ያገኘውን 30 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎ፣ በሩሲያ ሶዩዝ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወጣ።

ከጌም ተነስቶ ሌላ ነገር የሆነ አለ?

ስቲቭ ዎዝኒያክ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለአታሪ "ብሬክአውት" የሚባለውን ጌም ሰርኪዩት በአራት ቀንና ሌሊት ነደፈ። ሥራውን ያመጣለት ጓደኛው ስቲቭ ጆብስ ነው። ጆብስ 350 ዶላር ሰጠው፤ የተከፈለው ግን በሺህ የሚቆጠር እንደነበር ዎዝኒያክ ዓመታት ቆይቶ ሲሰማ አዘነ። ከገንዘቡ ይልቅ መደበቁ ነው ያስከፋው። ያ ጌም ግን ዎዝኒያክ ኋላ በነደፈው አፕል 2 በሚባለው ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ዎዝኒያክ ኮምፒውተሩ ቀለም፣ ድምፅና የጌም መጫወቻ እንዲኖረው ያደረገው "ብሬክአውት"ን በሶፍትዌር መሥራት ፈልጎ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል።

ዴቪድ ብሬበን በ1984 ካምብሪጅ ተማሪ እያለ ከኢያን ቤል ጋር "ኢሊት"ን ሠራ። ኋላ ላይ ራስበሪ ፓይ የተባለችውን ርካሽ የተማሪ ኮምፒውተር ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ዴሚስ ሃሳቢስ ደግሞ ኮምፒውተሩን የገዛው በቼዝ ሽልማት ብር ነው። በ17 ዓመቱ "ቲም ፓርክ" በሚባለው ጌም ላይ ሠራ፤ ጌሙ በ1994 ወጣ። በ2010 ከሌሎች ጋር ዲፕማይንድን መሠረተ። የኩባንያው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መጀመሪያ ዓለምን ያስደነቀው በ2013 የአታሪ 2600 ጌሞችን ራሱ ተምሮ ሲጫወት ነው፤ "ብሬክአውት"ም አንዱ ነው። ሃሳቢስ በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ሆኗል።

የሮቢኔትን ስም በዓይኔ ማየት እችላለሁ?

ትችላለህ። የአታሪ "አድቬንቸር" ዛሬም በኮምፒውተር ይጫወታል። ድልድዩን ይዘህ ጥቁሩ ቤተ መንግሥት ውስጥ ግባ። መተላለፊያዎቹ ውስጥ በአራቱም በኩል የተዘጋች ክፍል አለች፤ የምትገባው በድልድዩ ብቻ ነው። ገብተህ ግድግዳውን ተጠጋ። ነጥቧን አታያትም፤ ስትነካት ድምፅ ትሰማለህ። እሷን ይዘህ ከወርቁ ቤተ መንግሥት በታች ያለው መተላለፊያ፣ በስተቀኝ ጫፍ ድረስ ውሰዳት። ሁለት ሌሎች ዕቃዎችም እዚያው አምጣ። ማጫወቻው ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ማሳየት ስለሚያቅተው፣ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ብልጭ ድርግም ይላል። በዚያ በኩል ግፋ። ታልፋለህ። ክፍሉ ባዶ ነው፤ መሃል ላይ ቀለሙን እየቀያየረ ከላይ ወደ ታች የተጻፈ ስም አለ።